የጉሮሮው ሲሳይ

ሰው ሁሉ የሚጸየፈው አንድ ነገር አያጣም። እሷ ግን ሳታዳላ ሁሉንም ትጸየፍ ነበር። የሰው ማበጠሪያ፣ የሰው ብርጭቆ፣ ሰው የተነሳበት ወንበር ላይ የቀረች ሙቀት፣ የታክሲ በር እጀታ፣ ሰው ሲያወራ ከንፈሩ ጥግ የምትጠራቀም ነጭ አረፋ፤ ይህን ሁሉ ባየች ቁጥር ከአፏ የምትወጣው አንዲት ቃል ነበረች፤ «ኤጭ»። እናትና አባቷ ጥሩ ስም አውጥተውላት ነበር አሉ፤ ሰፈሩ ግን አልተቀበለውም። እትዬ ኤጭ ተብላ ቀረች። እግዜር ደግሞ ቀልድ ሲያምረው፣ እቺኑ ሴት ወስዶ የሰው እድፍ በፌስታል እየተቋጠረ የሚመጣበት ላውንደሪ ውስጥ አስቀጠራት።

ሥራዋ ባንኮኒው ላይ ቆማ መቀበል ነው። ልብሱን በሁለት ጣቷ፣ የሞተ አይጥ በጅራቱ እንደሚነሳ አድርጋ ታነሳና አንድ ጊዜ ታሸታለች። በቃ። ሰውዬው የት እንዳመሸ፣ ሚስቱ ማኩረፏን፣ ትራሱ ላይ ማን እንዳለቀሰ ሁሉ በአፍንጫዋ ይገባል። ወሬ ለሚወድ ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነበር፤ እሷ ግን ወሬውንም ትጸየፈዋለች። ታጥቦ ሲወጣ ደግማ ታሸታለች። እሷ አሽትታ ያሳለፈችው አንሶላ ላይ ሙሽራ ቢተኛበት አያፍርም ይባል ነበር።

ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት ትልልቅ ማሽኖች የሚጮሁበት ክፍል አለ፤ ከዚያ ወዲያ ካውያ ቤቱ። ከማሽኖቹ የሚወጣው ውሃ ወለሉ ላይ በተቆፈረች ቦይ ይሄድና ጥግ ላይ ያለች ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ጉድጓዷ አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት አለ፤ ሠራተኞቹ «ጉሮሮ» ይሉታል። ከተማው በልብሱ ላይ ይዞት የዞረው ሁሉ እዚያ ይቀራል፤ ፀጉር፣ ብናኝ፣ የቁስል ፕላስተር፣ የታኘከ ማስቲካ፣ ስሙን ለመጥራት የሚከብድ ሌላ ነገር። ተደባልቆ፣ ተላቁጦ፣ ግራጫ ሆኖ ይተኛል። በየጠዋቱ ካልተጠረገ ውሃው ተመልሶ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይሞላል።

ማን ይጥረገው? ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሱት ሽማግሌ በጉብዝናቸው ዘመን አንድ ሕግ አውጥተው ነበር፤ መጨረሻ የመጣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሕጉ መራራ ስለሆነ ትንሽ ማር ጨመሩበት፤ ከውስጡ የሸሚዝ ቁልፍም ሆነ ሌላ ኮተት ከተገኘ ለጠራጊው ሲሳይ ነው። ማሩን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከዚያ ጉድጓድ ደህና ነገር ይወጣል ብሎ ማን ያስባል?

እንግዲህ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ጉሮሮውን የሚጠርገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። «ደረስኩ» ይሉታል። የት ነህ ተብሎ ሲደወልለት መልሱ ሁልጊዜ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ነው። አንድ ቀን እንዲሁ «ደረስኩ» ሲል ከጀርባው ሚስቱ «መጀመሪያ ሱሪህን ልበስ» ስትል በስልኩ ተሰማ ይባላል። ሚስቱ ደግሞ ሌላ ሰው አይደለችም፤ የእትዬ ኤጭ ታናሽ እህት ናት። ሥራውንም ያስገባችው እትዬ ኤጭ ናት፤ የሚኖሩትም በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ነው። እሱ ሲያስነጥስ እሷ በወዲያኛው በኩል «ኤጭ» ትላለች።

አለቃው ልጁን ሊድር ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድበት ጊዜ ደረሰና እትዬ ኤጭን ጠርቶ የበሩን ቁልፍ ሰጣት።

«እስክመለስ ቤቱ ያንቺ ነው» አላት። «ይሄን አማችሽን ግን እኔ በይሉኝታ ስታገሠው ኖሬአለሁ። ስመለስ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ፤ ያረፍዳል ወይስ አያረፍድም? ያረፍዳል ካልሽኝ እዚያው ቆሜ አሰናብተዋለሁ። አያረፍድም ካልሽኝ አምኜሽ ይቀጥላል። አንቺ አትዋሺም፤ ውሸት ይገማሻል።»

«እህቴ እኮ እርጉዝ ናት ጋሼ።»

«ለዚህ ነው ላንቺ የተውኩት።»

እንዲህ ያለ አደራ ከቆሻሻ ፌስታል ይከብዳል።

በመጀመሪያው ጠዋት በሩን ከፈተች። ሽማግሌው ቀጥለው ገቡ። ከዚያ ካውያ የምትተኩሰው ሴት መጣች፤ «ሬዲዮ» የምትባለው፣ ባትሪ የማትጨርሰው። እስከ ትናንት «አንቺ ኤጭ» ስትላት የነበረችው ሬዲዮ ዛሬ ሻይ ይዛላት ገባች።

«እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ፣ ምን ያቆምዎታል?»

«ማን ነው እርስዎ?»

«አለቃ አይደሉ እንዴ ዛሬ?» አለችና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ ትንፋሿን ለቀቀችባት። «አማችዎ ግን ቅምጥ ሳያበጅ አይቀርም። ከቤቱ ማልዶ ይወጣል፣ እዚህ አርፍዶ ይደርሳል። መሀል ላይ የት ነው የሚውለው? እኔ ምንም አላልኩም።»

እትዬ ኤጭ ሻዩን ባንኮኒው ላይ ተወችው፤ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የከንፈር ቀለም ነበረበት። ሰው ሲሾም ሁሉም እንዲህ ይለጠፍበታል ማለት ነው፣ አለች በልቧ፤ ማስቲካ እንኳ ሲታኘክ ቆይቶ ነው የሚለጠፈው።

ደረስኩ ገባ፤ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ ግንባሩ በላብ ወርዝቶ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ታክሲ ጠፍቶ በእግሬ ስሮጥ…»

«ና እስቲ ቅረብ።»

ቀረበ። አንድ ጊዜ አሸተተችው።

«ላብ ይጎመዝዛል፤ ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው። ግንባርህን ታጥበህ ነው የመጣኸው።»

ሬዲዮ ካውያዋን አቁማ ሰማች። ደረስኩ አንገቱን ደፍቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ባልዲውን አንስቶ ወደ ጉሮሮው ሄደ። ሲሄድ እያፏጨ ነበር። የተቀጣ ሰው ሲያፏጭ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ማታ እህቷን በዘዴ ጠየቀቻት። «ባልሽ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?»

«ካንቺ በፊት ነዋ። እኔ ሳልነሳ ሄዷል። ምነው?»

«ምንም» አለች እትዬ ኤጭ። እህቷ ያበጠ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ለሚወለደው ልጅ ትንሽ ካልሲ ትሠራለች፤ ባሏ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ የማን አልጋ ላይ ነው የሚተኛው? አስባ ስታበቃ እጇን ታጠበች።

በማግስቱ ቁልፉን ለሽማግሌው ሰጥታ ራሴን አሞኛል አለችና ሻሿን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ደረስኩን ተከተለችው። ሰውዬው ያለምንም መደበቅ ወደ ላውንደሪው ሄደ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለች ሻይ ቤት ገባና ከማቀዝቀዣው ጀርባ ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ፣ ዳቦ አዘዘ፣ ዓይኑን የላውንደሪው በር ላይ ተከለ። እሷ የመብራት እንጨት ጥግ ቆማ ጠበቀች። ሽማግሌው ከፈቱ። ሬዲዮ ገባች። ደረስኩ አልተነሳም። ሁለተኛ ሻይ አዘዘ። ቅምጢቱ አልመጣችም። እትዬ ኤጭ እሱ እስኪነሳ ትጠብቃለች፤ እሱም አንድ የሚጠብቀው ሰው ያለ ይመስል አንገቱን ያሰግጋል። ቆይታ ነው የገባት። እሱ የሚጠብቀው እሷ እስክትገባ ነው።

ሄዳ ከኋላው ቆመች። «ደረስክ?»

ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

«ማን ናት ሴትዮዋ?» አለችው፤ ወንበሩን ስላልወደደችው ቆማ።

«የቷ ሴትዮ?»

«የምታረፍድባት።»

ደረስኩ ፊቱ ፈታ አለ። «ሴት? ኧረ እትዬ፣ በሚስቴ ሞት፣ ሴት የለም። ሲሳይ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መጨረሻ የመጣ ጉሮሮውን ይጠርጋል አይደል? ሰው እኮ ኪሱን ሳይፈትሽ ነው የሚሰጠን። አንቺም ኪስ ስለምትጸየፊ በጣትሽ ጫፍ ዳሰስ ነው የምታደርጊው። ጉሮሮው ታዲያ ስንቱን ይውጣል! የጆሮ ጉትቻ፣ የአንገት ሐብል፣ አንዴ የወርቅ ጥርስ ከነሥሩ…»

«በቃ።»

«ታጥቦ የወጣ እኮ ነው። ከማሽን የወጣ ነገር ከኛ ሁሉ ይነጻል። እንዲያውም እጅሽ ላይ ያለችው…»

እዚህ ላይ ቃሉን ዋጠው። አልፏል ግን። ሁለቱም የቀኝ እጇን አዩ። አረንጓዴ ፈርጥ ያላት ቀጭን ቀለበት፤ ባሏን ሥራ ስላስገባችላት እህቷ ለውለታዋ የሰጠቻት። በደስታ የሳመቻት። በዚያች ጣት ዳቦ ቆርሳለች፣ ሊጥ አቡክታለች፣ ጥርሷ መሀል የገባ ነገር አውጥታለች። ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ የማትነካው ሴት፣ የከተማውን ጉሮሮ ጣቷ ላይ አጥልቃ ስትዞር ከርማለች።

«ኤጭ» ልትል ፈለገች። ቃሏ አነሰባት፤ አልወጣም።

ላውንደሪው ውስጥ ገብታ በሳሙና አሸች። ቀለበቷ እምቢ አለች። በበረኪና አሸች። ጣቷ አብጦ ጭራሽ ያዛት። ሲደክማት ወለሉ ላይ ቆማ ነገሩን አመዛዘነችው። ያረፍዳል ብላ ለአለቃው ብትነግር ለምን ይላል፤ ለምን ካለ ነገሩ እየተጎተተ ሄዶ ጣቷ ላይ ነው የሚቆመው፤ እህቷም አራስ ቤት ያለ ገቢ ትገባለች። አያረፍድም ብትል ደግሞ ውሸቱ ይገማታል። ከሁለቱም የሚያወጣት አንድ መንገድ ነበር፤ እንዳያረፍድ ማድረግ።

የበሩን ቁልፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ለደረስኩ ዘረጋችለት። «ከነገ ጀምሮ የምትከፍተው አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«በር ከፋች መጨረሻ ሊመጣ አይችልም።»

ቁልፉን የተቀበለው መርዶ እንደሚቀበል ሰው ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ ሻይ ቤቷ ውስጥ ጆሮ ባይኖር። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ለሬዲዮ ነገረች፤ ለሬዲዮ መንገር ደግሞ ለአገር መንገር ነው። ሽማግሌው ሲሰሙ «የወርቅ ጥርስ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

በማግስቱ ደረስኩ በሰዓቱ ከፈተ። እትዬ ኤጭ ገባች። ከሆቴል ለማጠብ የመጣው የአንሶላ ክምር ጣራ ሊነካ ነው። ሬዲዮ የለችም። አንድም ቀን አርፍደው የማያውቁት ሽማግሌም የሉም። ደረስኩ ትንሽ ተቁነጠነጠና «እትዬ፣ አንድ ነገር ረስቼ፣ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ሊገባ ነው ዳግመኛ፤ መጨረሻ ሆኖ።

ደወለችላቸው።

«ደረስኩ እትዬ፣ ደረስኩ» አለች ሬዲዮ።

«ደረስኩ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

በመስኮቱ ተመለከተች። ሬዲዮ ሻይ ቤቷ ውስጥ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ናት። ሽማግሌው መንገድ ዳር ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስራሉ፤ ጫማቸው ደግሞ ገመድ የለውም። ደረስኩ የመብራት እንጨቷን ተደግፎ ሰማዩን ያያል። ሦስቱም አንዱ አንዱን በጎን ዓይን ይጠብቃል። በመጨረሻ መቆሙም አሳፈራቸው መሰለኝ፣ አንድ ላይ ተንቀሳቅሰው በሩ ላይ ተገናኙ።

«ይቅደሙ አባባ» አለች ሬዲዮ።

«ኧረ በሞቴ፣ አንቺ ቅደሚ። ሴት እያለች?»

«ሽማግሌ እያለ እኔ? ነውር አይደለም?»

«ሽማግሌማ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ልጄ፣ አንተ ግባ።»

«እኔ በር ከፋች ነኝ» አለ ደረስኩ፤ «በር ከፋች እንግዳ አስገብቶ ነው የሚገባው። ደግሞ እርጉዝ ሚስት አለችኝ።»

«እርጉዟ እሷ፣ የምትጎተተው አንተ?»

«ይቅደሙ ስልዎት። አፈር ስሆን።»

ይሄ ሁሉ ክብር፣ ይሄ ሁሉ በሞቴ፣ ለአንድ ጭብጥ የሰው ፀጉር። እትዬ ኤጭ ብዙ እድፍ አይታለች፤ የደም፣ የወይን፣ የዘይት፣ የሕፃን። ይሉኝታ ለብሶ የቆመ ስስት ግን በየትኛው ሳሙና እንደሚለቅ አታውቅም ነበር። በሩን ከውስጥ ቀረቀረችባቸው።

ጓንቷን አጥልቃ ወደ ጉሮሮው ሄደች። የወንፊቱ ሽቦ ገና ስትነካው ጓንቷን ቀደደው። አወለቀችው። ትንፋሿን ይዛ ባዶ እጇን ሰደደች። ለብ ያለ ነበር፤ ይሄ ነው የባሰባት። በሕይወት ያለ ነገር ይመስል ጣቶቿ መሀል ተሽለኮለከ። ስትጎትተው የማንነቱ የማይታወቅ ረጅም ፀጉር እየተመዘዘ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ፕላስተር ተጠምጥሞ። ባልዲው ውስጥ አስታወከች። ደግማ ሰደደች። ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ፣ የፀጉር ጌጥ፣ አንድ ፍሬ ጉትቻ አወጣች። ደግማ አስታወከች። እጇን ለሦስተኛ ጊዜ ስታወጣ፣ ሳሙናና በረኪና ያቃታቸው ቀለበት በዚያ ዝልግልግ ተንሸራታ፣ ያለምንም ግብግብ፣ መዳፏ ላይ ወደቀች።

ሁሉንም አጥባ፣ የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችና ባንኮኒው ላይ፣ የገባ ሁሉ በሚያይበት ቦታ አስቀመጠችው። ቀለበቷን ከላይ። ከዚያ በሩን ከፈተች። ሦስቱ አሁንም ይከባበራሉ።

«ጉሮሮው ተጠርጓል» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ የወጣ ሁሉ እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቱ አይቶ ይወስዳል። መጨረሻ የሚመጣ ይጠርጋል፤ ፀጉሩ ግን የራሱ ነው።»

ክብሩ ያን ጊዜ አለቀ። ሦስቱ እኩል ሲገቡ በሩ ሊነቀል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያረፈደ አልነበረም። ደረስኩ ማልዶ ይከፍታል፣ እቤቱ የነበረውንም ቅራቅንቦ በጨርቅ ቋጥሮ አምጥቶ ብርጭቆው ውስጥ ገለበጠው፤ የወርቅ ጥርሱን ጭምር። እህቷ ባዶ ጣቷን አይታ «የታለች ቀለበቴ?» ስትላት «ጠበበችኝ» አለቻት። አለቃው ነገ ይመለሳል ተባለ። እትዬ ኤጭ መልሷን አዘጋጅታለች፤ አያረፍድም። እውነት ነው፤ እድፉ ለቆ ጥላው ብቻ እንደቀረ ሸሚዝ ያለ እውነት ነው እንጂ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሳቂታ ደንበኛ መጋረጃ ልትሰጥ መጣች። ብርጭቆውን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ።

«እንዴ፣ ይቺ እኮ የኔ ናት» አለች፤ ቀለበቷን አነሳች። «ውስጧን እዩት፣ የእናቴ ስም አለበት።» እውነትም አለበት። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ልትከፍት እጇ ስላልበቃት ቀለበቷን ጥርሷ መሀል ያዘቻት። እትዬ ኤጭ ባንኮኒውን ጨበጠች። ሴትዮዋ ጣቷን በምራቋ አርሳ ቀለበቷን አጠለቀችና፣ በዚያው አፏ የእትዬ ኤጭን ሁለት ጉንጭ አገላብጣ ሳመች።

«በዚች ጦስ እኮ ሠራተኛዬን አባረርኳት» አለች እየሳቀች። «ሌባ ብዬ። ሰፈር ሰምቶ ሌላ ቤት እንኳ የሚቀጥራት አልተገኘም ነበር።»

«ልጅቷስ አሁን የት ናት?»

«እኔ ምን አውቄ። በቅርጫት አትክልት ትሸጣለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከድልድዩ ማዶ።» መጋረጃዋን ትታ ሄደች።

ደረስኩ ሁሉን ሰምቷል። ሳይታዘዝ ሳሙናና ፎጣ ይዞ መጣ። እትዬ ኤጭ ፊቷን አልታጠበችም። ፎጣውን አየችው፤ እሱን አየችው፤ ከዚያ ባዶ ጣቷን አየች።

«ነገ ታረፍዳለህ» አለችው።

«እ?»

«ከድልድዩ ማዶ ሄደህ ልጅቷን ትፈልጋለህ። ቀለበቷን ማን እንዳገኘ፣ ማን ጣቱ ላይ እንዳደረጋት ትነግራታለህ። ከዚያ ይዘሃት እዚች ሴትዮ ቤት ሄደህ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሌባ አለመሆኗን ትናገራለህ። ሳታገኛት እንዳትመጣ።»

«ነገ እኮ አለቃው ይመለሳል እትዬ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቅሽ።»

«አውቃለሁ።»

በማግስቱ አለቃው ገባ፤ ከሠርጉ የተረፈ ደስታ ፊቱ ላይ ነበር። ሽማግሌው በቦታቸው፣ ሬዲዮ በቦታዋ። አንድ ሰው ጎደለ።

«እህ?» አለ አለቃው። «ያረፍዳል ወይስ አያረፍድም?»

«ዛሬ አርፍዷል ጋሼ። የላክሁት እኔ ነኝ» አለችና ከሻይ ቤቷ ጀምራ እስከ ሴትዮዋ ምራቅ ድረስ ሁሉንም ነገረችው፤ የራሷንም ጣት ሳትደብቅ። አለቃው እያዳመጠ ብርጭቆውን አነሳ፣ የወርቅ ጥርሱን አየ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ኤጭ» አለ።

«እኔም እንደዚያው» አለች።

«ደውይለት እስቲ።»

ደወለች፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። የመንገድ ጫጫታ መጣ፣ የአትክልት ሻጮች ጥሪ፣ የደረስኩ ትንፋሽ። አሁን የምር እየሮጠ እንደነበር በስልኩ ውስጥ እንኳ ይሸታል።

«የት ደረስክ?» አለችው።

«ገና ነኝ እትዬ» አለ። «ትናንት እዚህ ነበረች ብለውኛል። ወደ ታች ወርዳለች። ገና ነኝ።»

አለቃው ኮቱን አውልቆ ሰቀለ። ወደ ማሽኖቹ ክፍል አንገቱን ብቅ አድርጎ ቦይዋን አያት፤ ውሃው ተመልሶ መሙላት ጀምሯል።

«እንዳገኛት ይምጣ» አለ። «ሕጉ ሕግ ነው። ጉሮሮው እየጠበቀህ ነው በይው።»